ባለጋሪዋን አልማዝ ባለጭራ የያዛት ዓመት

ሮቤ ውስጥ ጋሪ የነዱ ወንዶች ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሴት ከሆነች ግን የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ጁሀራ። ባሏ ዋቆ በ1990 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ሲሞት የተወላት አንዲት ልጅ፣ አንዲት ክፍል ቤት፣ አንድ ጋሪና ዳማ የሚባል ፈረስ ነበር። እንባዋ ሳይደርቅ የባሏ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዘይነዲን ሽማግሌ ይዞ መጣና ጋሪው ለእሱ ልጅ እንዲሰጥ፣ እሷም ከእሱ ጎተራ እህል እየተሰፈረላት ቤቷ እንድትቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ጁሀራ ሽማግሌዎቹን አብልታ፣ አመስግና ሸኘቻቸው። በማግስቱ ማለዳ ፈረሱን ጠምዳ፣ የዋቆን ካፖርት ደርባ መናኸሪያው በር ላይ ተሰለፈች።

የመጀመሪያው ሳምንት የተሳፈረባት ሰው አልነበረም። ባለጋሪዎቹ «ፈረሱ አፍሮ አንገቱን ደፍቷል» እያሉ ይሳለቁባት ነበር። ዝም አለቻቸው ቢባል ውሸት ነው። «አንገቱን የደፋው የእናንተን ፈረሶች የጎን አጥንት አይቶ አዝኖ ነው» አለቻቸው። ጋሪዋን ያዳነችላት ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ናት። ባልየው ሌላ ጋሪ አጥቶ በጁሀራ ጋሪ አሳፈራት፤ ጁሀራም ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረች፣ ፈረሱን በለሆሳስ እያናገረች ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ሴት ባለበት ቤት «ጁሀራን ጥሩ» ማለት ተለመደ። ጤና ጣቢያውም ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለክትባት ሲወጣ የበረዶ ሳጥኑንና ነርሱን ደጀኔን የምታደርሰው እሷ ሆነች።

በ1999 ዓ.ም. ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞላት። በዚያ ዓመት ሐጅ ለመሄድ አስባ ነይታ ነበር። ከሮቤና ከአካባቢው ሃያ አራት ሰው ተሰባስቧል፤ አስተባባሪው ኦቦ ዘይነዲን ነው። ጥቅምት ለእሷ ከባድ ወር ሆኖ ነበር የከረመው። ልጇ ሳቢሪን በወሩ መጀመሪያ ወልዳ አራስ ቤት ነበረች፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ የምታባብለው ጁሀራ ናት፤ ሲነጋ ደግሞ የስንዴ አጨዳ ስለደረሰ ጆንያ ጭና ከአውድማ ከተማ ስትመላለስ ትውላለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ዓይኗን ካየው ሦስት ሳምንት አልፎታል።

በዚህ መሐል ሐጅ ለሚሄዱት ሁሉ ግዴታ የሆነውን የማጅራት ገትር ክትባት ተከተበች። የወጋት ደጀኔ ነው። ክንዷን ለአንድ ቀን ጠዝጥዞ ተዋት። በሦስተኛው ቀን ግን በቀኝ ጎኗ፣ ከጀርባዋ ተነስቶ እስከ ጡቷ ሥር ድረስ፣ የጋለ ብረት የተለጠፈበት ያህል ያቃጥላት ጀመር። ምንም የሚታይ ነገር የለም። ጆንያው ነው የሰበረኝ ብላ ዋለች። በአምስተኛው ቀን ካፖርቱን ስታወልቅ ያ ያቃጠላት መስመር ቀልቶ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች በሰልፍ ወጥተውበት አየች።

ጎረቤቷ ሃጂራ፣ እሷም ከሐጅ ተጓዦቹ አንዷ የሆነች፣ አየችና ደነገጠች። «ይሄማ አልማዝ ባለጭራ ነው። ዞሮ ራሱና ጭራው ከተገናኘ ሰው አይተርፍም ይላሉ» አለች። ወዲያው ቅጠል ወቅጣ፣ ከአመድ ጋር ለውሳ ቀባቻት። ልቧ ንጹሕ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ቆዳዋን ገሸለጠው። ጁሀራ በማግስቱ ቀሚሷ እንዳይነካት ቀኝ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ በግራ እጇ ልጓም ይዛ፣ ራሷ ጋሪዋን ነድታ ጤና ጣቢያ ደረሰች። መንገዱ ላይ መንኮራኩሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ዓይኗ ይጨልምባት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ክንዴን ወግተህ ጎኔን አቃጠልከው» አለችው ደጀኔን።

ደጀኔ መጀመሪያ ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ አጠበላት። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «አዴ ጁሀራ፣ በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል? ያ ገላን ሁሉ የሚያሳክከው፣ ውሃ የሚቋጥረው?»

«ሪራ መንደር እያለን ስድስታችንንም በአንድ ጊዜ ነው የያዘን። እናታችን የገብስ ውሃ እየቀባች አዳነችን።»

«ቆዳዎ ዳነ እንጂ በሽታው ከሰውነትዎ አልወጣም። ከጀርባ አጥንትዎ አጠገብ፣ ነርቭ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ተኝቶ ኖሯል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰው ሲዝል ይነቃና በዚያው ነርቭ መስመር ይወጣል። ለዚህ ነው ባንድ ጎን ብቻ የተሰለፈው። ዞሮ ቢገናኝ ይገድላል የሚሉት ተረት ነው።»

«ክትባቱስ?»

«የማጅራት ገትር ክትባት ይሄን በሽታ በውስጡ አልያዘም። ቀኑ ገጠመ እንጂ እሱ አላመጣውም። ከእርስዎ ሌላ ሃያ ሦስት ሰው ከትቤያለሁ። ሌላ የታመመ ሰምተዋል?»

ጁሀራ አሰበች። አልሰማችም። ደጀኔ ቫይረሱን የሚያዳክም ክኒን ጻፈላት፤ በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን የሚዋጥ፤ ሮቤ ከጠፋ ጎባ መድኃኒት ቤት እንደማይጠፋ ነገራት። ፍሬው እስኪደርቅ ድረስም አራሱን ልጅ እንዳትነካ አስጠነቀቃት፤ ለትልቅ ሰው አልማዝ ባለጭራ የሆነው ለጨቅላ ጉድፍ ሆኖ ሊተላለፍ ይችላል። ከሕመሙ ሁሉ የከበዳት ይሄኛው ነበር። በመጨረሻ ደጀኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። ይሄ ሕመም አንዳንዴ ኤች አይ ቪ ሰውነትን ሲያዳክም ይወጣል። ስለዚህ የታመመውን ሁሉ እንዲመረመር እንጠይቃለን።»

ጁሀራ አልተቆጣችም። ዋቆ በሳንባ ሕመም ከስቶ ከስቶ እንደሞተ፣ በዚያን ጊዜም ሰው ምን ሲያንሾካሹክ እንደነበር ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሷ እንኳን ጮክ ብላ ያላለችው ፍርሃት ነው። ጣቷን ዘረጋችለት። «ውጋ፤ ከማላውቀው የማውቀው ይሻለኛል።»

ውጤቱን እስክትሰማ ያስቀመጧት የምክር ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የምትሠራው እኅተማርያም የምትባል፣ አባቷ ከሰሜን መጥቶ ሮቤ የቀረ፣ አርባ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ሻሿን ገፋ አድርጋ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየቻት። «እኔን እዚህ ጋ ነው የያዘኝ እትዬ ጁሀራ፤ ዓይኔ ለጥቂት ተረፈ። ቫይረሱ እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚሁ ነው። አራት ዓመት ሆነኝ፤ ይኸው ቁጭ ብዬ አወራለሁ።» ከዚያ ስለ ሕመሙ ነገረቻት። ታጥቦ ታጥቦ ካለቀ ነጠላ የተቀደደ ስስ ጨርቅ በሰውነቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ እንድትጠመጥም፣ የሚያመው የሚንሸራተት ልብስ እንጂ ጠበቅ ብሎ የተቀመጠ ጨርቅ እንዳልሆነ፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እንድታኖርበት፤ ሕመሙ እስኪብስ ሳትጠብቅ ክኒኑን በሰዓቱ እንድትውጥ መከረቻት። ስታወራ በሽተኛ እንደምታጽናና ሳይሆን ሙያ እንደምታስተምር ነበር።

የጁሀራ ደም ነጻ ሆኖ ተገኘ። ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጧት።

ከተማው ግን ወረቀት አልጠበቀም። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ወሬ ወጣ። አንደኛው «የሐጅ መርፌ ነው ያነደዳት» የሚል ነው፤ በዚህ ምክንያት የገጠር እናቶች ልጆቻቸውን ማስከተብ እያቆሙ መጡ። ሁለተኛው «የዋቆ በሽታ አሁን እሷ ላይ ወጣ» የሚል ነው። የዘወትር ደንበኞቿ ሰላም እያሏት ወደ ሌላ ጋሪ መሄድ ጀመሩ። አንዲት ተሳፋሪ ሴት የምትቀመጥበትን ቦታ በእጇ ጠረግ ጠረግ ስታደርግ አየቻት። ጁሀራ ፊቷን አላዞረችም፤ ዓይን ዓይኗን እያየች «በደንብ ጥረጊው፤ አቧራ አለው» አለቻት።

ኦቦ ዘይነዲን የሰማውን ሰምቶ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ መጣ። ሳቢሪን ሕፃኑን ታቅፋ በአንዱ ጥግ፣ ጁሀራ ከእነሱ ርቃ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ነጻ እንደሆንሽ ሰምቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ወረቀቱን ስጪኝ። ለተጓዦቹም ለሰፈሩም አሳይቼ አፋቸውን አዘጋዋለሁ። የወንድሜም ስም ይነጻል።»

«ወረቀቱን ለማንም አላሳይም ኦቦ ዘይነዲን።»

«ለምን? የሚያሳፍር ነገር የለበት።»

«ቢኖርበትስ?» አለችው። «ቢኖርበት ኖሮ መካ አልሄድም ነበር? ሰላምታ አይገባኝም ነበር? እዚያ ጤና ጣቢያ ያለችው ሴት ቁስሌን እንዴት እንደማስታምም አስተምራኛለች። እኔ ዛሬ ወረቀት ይዤ ‹እኔ እንደ እሷ አይደለሁም› ብዬ በየበሩ ልዙር?»

«እናቴ» አለች ሳቢሪን ቀስ ብላ፣ «ቢያዩትስ ምን ይጎዳሻል?»

«እኔን አይጎዳኝም። ዛሬ እኔ ካሳየሁ ነገ ያላሳየች ሁሉ በሽተኛ ናት ይባላል።»

ኦቦ ዘይነዲን ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው እወቂው፤ ከተጓዦቹ ሴቶች መካ ላይ ካንቺ ጋር በአንድ ክፍል አንተኛም ያሉ አሉ። ለከርሞ ብታደርጊው ለሁሉም ይሻላል።»

ጁሀራ ተነሳች። ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ፣ ዓይኑ እያየ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። «ለከርሞ ዕድሜ የሰጠኝ ማን ነው? ቁስሌ እየደረቀ ነው፤ ሐኪም እስኪከለክለኝ ድረስ ስሜ ከዝርዝሩ አይወጣም። ክፍሉን በተመለከተ ኮሪደር ላይም ይተኛል።» እሱ ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። ጁሀራ እስኪርቅ ቆማ ጠበቀችና ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች፤ ጎኗ ጉልበቷን ሁሉ ጨርሶት ነበር።

ፍሬዎቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደርቀው ረገፉ። ሰው ሁሉ ዳነች አለ። ሕመሙ ግን አልሄደም። የሚያቃጥለው ቀርቶ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ነፋስ ሲነካው የሚጮህ ሌላ ሕመም ሆነ። ፓራሲታሞል ውጣ ውጣ ሰለቸች። ደጀኔ ጎባ ላካትና አንድ ወጣት ሐኪም ረጋ ብሎ አያት። ነርቩ ራሱ እንደተጎዳ፣ ቆዳ ላይ ምንም ሳይኖር ነርቩ ለጭንቅላት ሕመም ሕመም እያለ እንደሚናገር፣ የተለመደው ማስታገሻም እዚያ እንደማይደርስ ገለጸላት። ማታ ማታ የምትውጠው ትንሽ ክኒን አዘዘላት። «ቶሎ አይሠራም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት። አፍዎን ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል። ጨርሶ አያጠፋው ይሆናል፤ ያለዝበዋል» አላት።

መድኃኒቱን የገዛችበት ሰውዬ ግን ሳጥኑን ሲያወጣ «ይሄ እኮ የአእምሮ ሕመምተኞች የሚወስዱት ነው» አለ፤ ወረፋ የያዙትም ዞረው አዩአት።

«ሐኪሙ ነግሮኛል» አለችው ጁሀራ። «በብዙው ሲወሰድ ለእነሱ፣ በጥቂቱ ሲወሰድ ለእኔ። ማበድ ካለ የሚያሳብደው ይሄን ሕመም ይዞ ዝም ማለት ነው። በል ስጠኝ።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ልጓም ይዛ እንቅልፍ ጣላት፤ ደግነቱ ዳማ መንገዱን ያውቀዋል። ክኒኑን ከመኝታ ሰዓት ወደ መግሪብ ሶላት፣ ጀንበር መጥለቂያ ላይ፣ አመጣችው፤ ጠዋት ራሷ ጠራላት። ጋሪው ወንበር ላይ የበግ አጎዛ አጥፋ አነጠፈች። ጭነት ቀነሰች፤ ሥራ ግን አላቆመችም።

በኅዳር መጨረሻ ደጀኔ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከሮቤ አንድ ሰዓት በጋሪ የሚያስሄድ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። እናቶቹ ልጅ አናስወጋም ብለዋል። «ስምዎን እየጠሩ ነው» አላት።

«ስሜን ከጠሩ እኔ ልሂድላቸው» አለች። ከዚያ ወደ ሳቢሪን ዞረች። የሳቢሪን ልጅ አርባ አምስተኛ ቀኑ ሞልቶ ክትባቱ የደረሰ ነበር። ሳቢሪን የእናቷን ፊት አየችና ሳትጠየቅ ልጁን መጠቅለል ጀመረች።

ቀበሌው ሲደርሱ ሴቶቹ ከጥላው ሥር ተሰብስበው ነበር። ዙሀይራ የምትባል ደፋር ወጣት እናት ፊት ለፊት ወጣች። «አካም ጂርቱ፣ አዴ ጁሀራ» ብላ ሰላምታዋን አስቀደመችና በኦሮምኛ ቀጠለች፤ «በመርፌ ምክንያት ጎንሽ ነዷል ተብለናል። አንቺን ያየ ልጁን እንዴት ያስወጋል?»

«ስለ እኔ ከምታወሩ እኔን መጠየቅሽ ጥሩ ነው» አለች ጁሀራ ከጋሪው እየወረደች። «ጎኔ ነዷል፤ እውነት ነው። አሁንም እየነደደ ነው ያለሁት። ያነደደው ግን በልጅነቴ የያዘኝ ጉድፍ ነው፤ ሲደክመኝ ጠብቆ ተነሳብኝ። መርፌው ቢሆን ኖሮ አብረውኝ የተወጉት ሃያ ሦስቱም ሰዎች እንደ እኔ በነደዱ።»

«ይሄን ነርሱ ነው የነገረሽ።»

«አዎ፣ እሱ ነው የነገረኝ። ቆጥሬ ያረጋገጥሁት ግን እኔ ነኝ። ሁሉንም ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያለሁ።» ይሄንንም በእርግጥ አድርጋው ነበር፤ ፊት የነሷት ቤቶችን እንኳን ሳትዘል።

ከዚያ ሕፃኑን ከሳቢሪን ተቀበለች። ከታመመች ወዲህ ደረቷ ላይ አስጠግታ ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው። በታመመው ጎኗ በኩል ነበር ጥርሷን ነክሳ የያዘችው። ደጀኔ ጭኑን ወጋው፤ ልጁ ጮኸ፤ እሷ እያወዛወዘች «አበቃ፣ አበቃ» አለችው። ዙሀይራ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ልጆች ተከተቡ። ወደ ቤታቸው የተመለሱ እናቶችም ነበሩ፤ ሁሉንም ማሳመን አልቻለችም።

ታኅሣሥ ሲገባ ጁሀራ ከጓዶቿ ጋር በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወርዳ ከዚያ በአውሮፕላን ተሳፈረች። ሐኪሙ ፈቅዶላት ነበር። መካ ላይ ለሴቶቹ በተሰጠው ክፍል ውስጥ አራቱ ፍራሻቸውን ወደ ማዶው ግድግዳ ስበው ደረደሩ። ሃጂራ ትንሽ ቆማ አሰበችና ፍራሿን ጎትታ ከጁሀራ ጎን አነጠፈችው። «ያን ቅጠል ስቀባሽ አጠፋሁ፤ አላወቅሁም ነበር» አለቻት። ጁሀራ «ለማዳን ነው የቀባሽኝ» አለችና ነገሩ በዚያው አለቀ። ካዕባን እየዞረች ጠዋፍ ስታደርግ በሰው ግፊያ ጎኗ ስንት ጊዜ እንደተነካ አትናገርም። ነጠላዋን ከውስጥ ጠምጥማ፣ ቀኝ ክንዷን ከሰው እየከለለች ሰባቱንም ዙር ፈጸመች። አንድ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላምጣልሽ ቢላት በእግሬ ነው የመጣሁት ብላ እንቢ እንዳለች ሃጂራ ተመልሳ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ሕመሙ እስከ ሐምሌ ዘለቀ። ቀስ እያለ ከመንዘር ወደ ማሳከክ፣ ከማሳከክ ወደ መደንዘዝ ተለወጠ። ክኒኑን ደጀኔ እንዳዘዛት ግማሽ ግማሽ እያደረገች ተወችው። ኦቦ ዘይነዲን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም፤ በዒድ ይጠያየቃሉ። ከእኅተማርያም ጋር ግን ወዳጅ ሆነው ቀሩ፤ ጁሀራ በገበያ ቀን ጋሪዋ ላይ ከፊት ወንበር አጠገቧ አስቀምጣ ስታሳልፋት ሰው ሁሉ ያይ ነበር፤ እንዲያይም ነበር የምትፈልገው።

ከዓመታት በኋላ፣ ባጃጅ የሮቤን መንገድ መሙላት በጀመረበት ሰሞን፣ መሸሻ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ በሯን አንኳኳ። ከዓይኑ በላይ ፍሬዎች ወጥተውበታል። ቅጠል የሚያውቅ ሰው እንድትጠቁመው፣ ለማንም እንዳትናገርበት ለመናት።

«መቼ ወጣብህ?»

«ትናንት።»

«ዓይንህ አጠገብ ነው፤ ቅጠል የሚፈለግበት ጊዜ የለም። ቶሎ ከተደረሰ ክኒኑ ይሠራል፤ ሦስት ቀን ካለፈ እኔ ከከፈልኩት የባሰ ትከፍላለህ። ና ውጣ» ብላ ጋሪው ላይ አሳፈረችው። ሰውየው ከኋላ ጥግ ላይ ተኮማትሮ ተቀመጠ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ወረፋው ረጅም ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎችም ነበሩበት። መሸሻ መውረድ አቃተው። ጁሀራ ወርዳ እጁን ያዘችና «ጋቢህን አውርድ» አለችው፤ «ምንህ ላይ ነው ሲሉህ ግንባሬ ላይ በል፤ ስምህ ማነው ሲሉህም ሙሉ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር።»